ኔፋሪየስ፦ የዳኛን አፍ ይዘጋ የነበረ ቃል እንዴት የባለሥልጣን ዱላ ሆነ?

የእንግሊዝኛ ዜና የሚከታተል ሰው «ኔፌሪየስ» ከሚለው ቃል ጋር ሳይተዋወቅ አይቀርም። የሳይበር ጥቃት ሲዘገብ ብቅ ይላል። ድሮን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሲታይም እንዲሁ። አንዱ መንግሥት ሌላውን ሲከስማ ቋሚ ተሰላፊ ነው። ክብደቱ ከ«መጥፎ» ይበልጣል። ተራ ኪስ አውላቂን ማንም እንዲህ አይለውም። ቃሉ የሚጠቁመው በጨለማ የተጠነሰሰ፣ እግዜርንም ሰውንም ያልፈራ ክፋትን ነው።

እንግሊዝኛው ከላቲን የወረሰው ነው። ሮማውያን «ኔፋሪየስ» ይሉት ነበር። እኔን የሳበኝ ትርጉሙ ሳይሆን የሄደበት መንገድ ነው። የቃሉ ሥር ሥልጣን ያለውን ሰው አንደበት የሚያስር ሕግ ነበር። ኋላ ግን ሥልጣን ያለው ሰው ሌላውን ከሕግ ውጭ የሚያወጣበት መሣሪያ ሆነ። ይህ ለውጥ የት ላይ እንደተከሰተ ከሞላ ጎደል በጣት መጠቆም ይቻላል።

ላቲን ለክፉ ሰው የቃል ድርቅ የለበትም። «ማሉስ» አለ፣ ጠቅላላው መጥፎ። «ፕራቩስ» አለ፣ ቀጥተኛ ትርጉሙ ጠማማ ነው፤ እኛም ሰውን ጠማማ ስለምንል ማብራሪያ አይፈልግም። «ኔኳም» ደግሞ የማይረባ፣ ዋልጌ ነው። «ስኬሌስቱስ» በወንጀል የተጨማለቀውን ይመለከታል። ኔፋሪየስ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ከሃይማኖት ሕግ በመነሣቱ ነው።

ሥሩ «ኔፋስ» ነው። «ኔ» አፍራሽ ቅጥያ ነው፤ «ፋስ» ደግሞ አማልክት የፈቀዱት ነገር ነው። ከፋስ ጎን «ዩስ» የሚባል አለ፣ እሱ የሰው ሕግ ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው የሴቪያው ኢሲዶር ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ይገላግለዋል። በሰው ማሳ ላይ ማቋረጥ ፋስ ነው፣ ዩስ ግን አይደለም ይላል። ባለማሳው ሊከስህ ይችላል፣ ሰማይ ግን አይቆጣህም ማለቱ ነው። ኔፋስ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሰው ፍርድ ቤት ዝም ቢልህም ሰማይ ዝም የማይልህ ድርጊት።

«ኔፋስ» ወደ «ኔፋሪየስ» ሲሄድ «ስ» ወደ «ር» ተለውጧል። በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባ «ስ» በጥንታዊው ላቲን ወደ «ር» ይዞር ነበር። ሮማውያን ራሳቸው ይህን ለውጥ ያስታውሱ ነበር። አንድ የሕግ ጸሐፊያቸው «ቫሌሲ» የነበረውን የቤተሰብ ስም «ቫሌሪ» ብሎ በ«ር» ያስጻፈው አፒየስ ክላውዲየስ የተባለው ሹም ነው ይላል። ይህን አፒየስን ያዙልኝ፣ የእሱ ጸሐፊ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል።

ፋስ ራሱ ከየት መጣ? ሮማውያን «ፋሪ» ከሚለው ግስ ጋር ያያይዙት ነበር፣ መናገር ማለት ነው። ከዚሁ ግስ «ኢንፋንስ» ወጥቷል፣ ገና የማይናገር ሕፃን። «ፋቱም»ም ከዚሁ ነው፣ ተነግሮ ያለቀ ዕጣ። በዛሬዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ግን ስምምነት የለም። ፋስን ከበዓልና ከመቅደስ ስሞች ጋር የሚያዛምዱት አሉ። ሙግቱ ለእነሱ ይቆይ። ለኛ ጉዳይ የሚበቃን ሮማውያን ራሳቸው በቃሉ ውስጥ ንግግርን ይሰሙ እንደነበር ማወቁ ነው። ይህ ደግሞ በቀን መቁጠሪያቸው ላይ በግልጽ ይታያል።

(ከዚህ በታች የሮም ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

ሮም ውስጥ ቀናት ሁሉ እኩል አልነበሩም። አንዳንዱ ቀን «ፋስቱስ»፣ አንዳንዱ «ኔፋስቱስ» ይባል ነበር። ገጠር ያደገ ሰው «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ በሬ አይጠመድም» ሲባል ሰምቶ ያውቃል። የሮማው ክልከላ ግን ከበሬው ይልቅ የዳኛውን ምላስ ይመለከታል። ቫሮ የተባለው ሊቅ እንደሚነግረን ፕሬተሩ፣ ማለትም ፍርድ የሚመራው ሹም፣ በኔፋስቱስ ቀን ሦስት ቃላት አይናገርም። ዶ፣ ዲኮ፣ አዲኮ። እሰጣለሁ፣ እበይናለሁ፣ ለእገሌ ይሁን እላለሁ እንደማለት ነው። ያለ እነዚህ ቃላት ክስ አይጀመርም፣ ባሪያ ነጻ አይወጣም፣ ንብረት ለባለመብቱ አይጸናም። ስለዚህ በዚያ ቀን ፍርድ ቤት የለም።

ቢሳሳትስ? የሮማውያን መልስ እዚህ ላይ ያስገርማል። ፕሬተሩ ቀኑን ረስቶ ባሪያ ነጻ ቢያወጣ፣ የወጣው ሰው ነጻ ነው። ሥርዓቱ ጉድለት አለበት፣ ነጻነቱ ግን አይነካም። ዕዳው የፕሬተሩ ነው። መሥዋዕት አርዶ ይነጻል። ቀኑን እያወቀ ከተናገረ ግን፣ ኩዊንቱስ ሙኪየስ የተባለው የሕግ አዋቂ እንዳለው፣ ለዚያ ሰው ማንጻት የለውም። በደሉ ተሸክሞት የሚኖረው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ኔፋስ ታች ያለውን ሰው አይቀጣም። የሚይዘው ላይ ያለውን ነው።

ሥርዓቱን ቅዱስ ለማድረግ አልፈልግም። ቀናቱን የሚያውቁት ካህናቱና መኳንንቱ ብቻ ነበሩ። ተራው ሰው ክስ ይዞ መጥቶ «ዛሬ ኔፋስቱስ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ቀኑ በእርግጥ ኔፋስቱስ ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ይህን የሰበረው ግናዩስ ፍላቪየስ ነው። የነጻ ወጪ ባሪያ ልጅ፣ የዚያ የአፒየስ ክላውዲየስ ጸሐፊ። በ304 የፍርድ ቀናቱን በነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በአደባባዩ ዙሪያ ለጠፈ። ክስ የሚቀርብባቸውን ቃላትም አሳተመ። በዚያው ዓመት ኤዲል ለሚባለው የከተማ አስተዳደር ሹመት ሲመረጥ መኳንንቱ ተናደው የወርቅ ቀለበታቸውን አወለቁ ይላል ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ። አንድ ቀን የታመመ ባልደረባውን ሊጠይቅ ገባ። የተሰበሰቡት የመኳንንት ልጆች ሆን ብለው አልተነሡለትም። እሱም የሹመት ወንበሩን አስመጥቶ ፊታቸው ተቀመጠ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ይመቸኛል።

ቀኑን ለፖለቲካ ማዋልም ነበር። በ59 ቢቡሉስ የተባለው ኮንሱል፣ ማለትም ከሁለቱ የሮም ከፍተኛ ሹሞች አንዱ፣ ባልደረባውን ጁሊየስ ቄሳርን ሕግ እንዳያወጣ ሊያግደው ፈለገ። የዓመቱን ቀሪ ቀናት በሙሉ የተቀደሱ ናቸው፣ ሕዝብ ሊሰበሰብ አይችልም ብሎ አወጀ። ቄሳር ከቁብም አልቆጠረው። በዚያን ጊዜ ልጓሙ ላልቶ ነበር ማለት ነው።

ቃሉም እንደዚያው ሲላላ ይታያል። ሕዝቡ «ኔፋስቱስ»ን ገደቢስ ቀን ለማለት ይጠቀምበት ጀመር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከልደት በኋላ የጻፈው አውሉስ ጌሊየስ ይህ የመሃይም አነጋገር ነው ብሎ ያማርራል። ሰሚ አላገኘም። የፈረንሳይኛው «ኔፋስት» ዛሬም ጎጂ፣ መዘዘኛ ማለት ነው።

«ኔፋሪየስ» ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ሴኔት። ወደዚያ ከወሰዱት ሰዎች መካከል የጠበቃውንና የፖለቲከኛውን የሲሴሮን ያህል የሠራበት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በ70 ሲሴሮ የሲሲሊን የቀድሞ ገዥ ቬሬስን ከሰሰ። ቬሬስ ደሴቲቱን ለሦስት ዓመት ሲመዘብር ኖሯል። ከክሱ ሁሉ የሚያንቀጠቅጠው የፑብሊየስ ጋቪየስ ጉዳይ ነው። ጋቪየስ የሮም ዜጋ ነበር። ቬሬስ በመሲና አደባባይ አስገረፈው። ሰውየው ሲገረፍ ከአፉ የሚወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሮም ዜጋ ነኝ።» አላዳነውም። ፊቱ ወደ ጣሊያን ጠረፍ ዞሮ፣ ባሕሩን እያየ ተሰቀለ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ለኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለግርፋት ሲገተር መቶ አለቃውን የጠየቀው ይህንኑ ነው። የሮምን ሰው ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶላችኋል ወይ? መቶ አለቃው ለሻለቃው ነገረው፣ የሻለቃው ልብ ራደ። በመሲና ያልሠራው ዓረፍተ ነገር በኢየሩሳሌም ሠራ።

ሲሴሮ ስለ ጋቪየስ የጻፈው በመሰላል መልክ ነው። የሮምን ዜጋ ማሰር ጥፋት ነው። መግረፉ ወንጀል ነው። መግደሉ አባትን ከመግደል ብዙም አይርቅም። መስቀሉንስ ምን ልበለው? ከዚያ ሲሴሮ ቃል ያጥረዋል። ይህን ያህል «ኔፋሪየስ» የሆነን ነገር በሚገባው ቃል መጥራት አይቻልም ይላል። ቃል ያጣው ይኸው የላቲን ዋና ተናጋሪ ነው እንግዲህ። እኔ እንደማየው ኔፋሪየስ እዚህ ቦታ ላይ ሥሩ ድረስ ወርዷል። ሊነገር የማይችል ድርጊት፣ የፈጸመውም ሥልጣን የያዘ ሰው።

አንድ ዝርዝር ግን እንዳታመልጠን። ቬሬስ ጋቪየስን የገደለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ በራሱ አፍ። ሰላይ ነው አለ። በእነ ስፓርታከስ ዐመፅ ጊዜ ስለነበር ዐማፂ ባሮች የላኩት ሰላይ ነው ሲል ወነጀለው። ሲሴሮ ይህን አጣጥሎ ጣለው። ጠቋሚ የለም፣ ፍንጭ የለም፣ ጥርጣሬ እንኳ የለም አለ። ሰውዬው ጠላት ነው ተብሎ ስለተጠራ ብቻ ዜግነቱ አይገፈፍም።

ሰባት ዓመት አለፈ። በ63 ሲሴሮ ራሱ ኮንሱል ሆነ። ካቲሊና የሚባል ዕዳ የተቆለለበት የመኳንንት ወገን ሥልጣን በምርጫ ሲያጣ ወደ ሴራ ገባ። ሲሴሮ በሴኔት ፊት ቆሞ ያዋረደበት ንግግር እስከ ዛሬ የላቲን ተማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። እዚያ ውስጥ የሌሊት ስብሰባዎቹን «ኔፋሪየስ» ይላቸዋል። ቃሉ አሁን ሹሙን ትቶ ወደ ሹሙ ጠላቶች ዞሯል።

ሴራው የፈጠራ አልነበረም። ከሮም በስተሰሜን ባለችው በኤትሩሪያ ጦር ተሰብስቦ ነበር። ሴረኞቹ ለጎል ነገድ ተወካዮች የጻፉት ደብዳቤ ተይዟል። ሲሴሮን በባዶ ሜዳ ፈሪ ማለት አይቻልም። ጥያቄው የተያዙት አምስት ሰዎች ምን ይሁኑ የሚለው ነበር። ሁሉም ዜጎች ናቸው። ጋዩስ ግራኩስ የተባለው የሕዝብ ተወካይ በ123 ያስወጣው ሕግ ደግሞ ያለ ሕዝቡ ትእዛዝ በዜጋ ላይ የሞት ፍርድ እንዳይሰጥ ይከለክላል።

ሲሴሮ መንገድ አገኘ። ሕጉ የሚጠብቀው ዜጋን ነው፣ የሪፐብሊኩ ጠላት የሆነ ሰው ደግሞ በምንም መንገድ ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ። አለቀ። ቬሬስ በመሲና ያለው ከዚህ በምን ይለያል? ማስረጃው ይለያል፣ አዎ። አመክንዮው ግን ያው ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ጠላት ትለዋለህ፣ ከዚያ ያለ ፍርድ ትገድለዋለህ፣ ፍርድ ለጠላት ስለማይገባ። ጠላት መሆኑን ያጣራው ማነው ብትል፣ ያው ገዳዩ።

ከአምስቱ አንዱ ሌንቱሉስ በዚያ ዓመት ፕሬተር ነበር። ቀኑን ጠብቆ የሚናገረው ዓይነት ሹም። ሲሴሮ መጀመሪያ ከሹመቱ እንዲለቅ አስደረገው። ፕሬተር መቅጣት ሃይማኖታዊ ነውር ስለነበረ ያን ለማለፍ ነው። የድሮው ፍርሃት ትንሽ ቀርቷል፣ በወረቀት ሥራ ግን የሚፈታ ሆኗል።

በክርክሩ ላይ ቄሳር ተቃወመ። ሰዎቹ በጣሊያን ከተሞች ታስረው ይቆዩ፣ ንብረታቸው ይወረስ አለ። ታሪክ ጸሐፊው ሳሉስት እንደጻፈው ቄሳር የአቴናን ሠላሳ ገዥዎች ምሳሌ አነሣ። እነሱ ሲጀምሩ ያለ ፍርድ የገደሉት ሰው ሁሉ የሚጠላቸውን ክፉዎች ነበር። ሕዝቡ እሰይ አለ። ከዚያ ልምዱ አደገና ደጉንም ክፉውንም እንዳሻቸው ገደሉ። መጥፎ ልማድ ሁሉ ከጥሩ አጋጣሚ ይወለዳል ነው ነገሩ። ቄሳር ኋላ ራሱ ምን እንዳደረገ እናውቃለን፣ የዚያን ቀን ግን ትክክል ነበር። ካቶ የተባለው ሴናተር ግን ተነሥቶ ሴኔቱን ወደ ሞት ቅጣት መለሰው።

ታኅሣሥ 5 አመሻሽ ላይ አምስቱ በእስር ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ታንቀው ሞቱ። ሲሴሮ ወደ አደባባዩ ወጥቶ ለተሰበሰበው ሕዝብ በአንድ ቃል አረዳ። «ኖሩ» አለ፣ በሕይወት ነበሩ ለማለት። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፕሉታርክ እንደሚያስረዳው ሞቱ ብሎ መናገር ገደቢስ ስለሆነ ነው። አይደረግም የሚባለውን ካደረገ በኋላ አይባልም ለሚባለው ተጠነቀቀ።

ሕዝቡ በዚያ ምሽት ችቦ አብርቶ አጀበው። በ58 ግን ክሎዲየስ የተባለው የሕዝብ ተወካይ ዜጋን ያለ ፍርድ የገደለ ሁሉ ከሮም ይባረር የሚል ሕግ አወጣ። ስም አልጠራም፣ ሁሉም ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። ሲሴሮ ተሰደደ። በፓላቲን ኮረብታ ላይ የነበረው ቤቱ ፈረሰ። በቦታው ለነጻነት አምላክ መቅደስ ቆመ። በዓመቱ ምሕረት ተደርጎለት ሲመለስ ቤቱን በምን አስመለሰ መሰላችሁ? ለካህናቱ አቤት ብሎ። ክሎዲየስ መሬቱን ሲቀድስ ከሕዝቡ በስሙ የተሰጠ ፈቃድ አልነበረውም፣ ሥርዓቱ አልተሟላም ብሎ ተከራከረ። ካህናቱ ተስማሙ። በሥርዓት ጉድለት አምስት ሰው የገደለ ሰው በሥርዓት ጉድለት ቤቱን አስመለሰ።

መጨረሻው ግን አላማረም። በ44 እና በ43 ሲሴሮ የቄሳር ሰው የነበረው ማርክ አንቶኒ የሀገር ጠላት ተብሎ እንዲታወጅ በተከታታይ ንግግር ወተወተ። አንቶኒ የቄሳር ወራሽ ከሆነው ከኦክታቪያን ጋር ታርቆ ሮም ሲገባ የሚገደሉ ሰዎች ስም በሰሌዳ ተለጠፈ። ፍላቪየስ የፍርድ ቀናትን የለጠፈበት ዓይነት ነጭ ሰሌዳ። የሲሴሮ ስም ነበረበት። ታኅሣሥ 7 ቀን 43 ተይዞ ተገደለ። ጭንቅላቱና እጁ ንግግር ያደርግበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀለ።

ይህ ሁሉ የጥንት ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፣ አመክንዮው ባይኖር። ስም እየለጠፉ ከሕግ ማውጣትን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ በ«ፀረ» የሚጀምሩትን ስሞች የሰማ ትውልድ ገና በሕይወት አለ። የሲሴሮ አመክንዮ ግን ቃል በቃል የተፈተነው የሮምን ሴኔት ስም በወረሰችው አሜሪካ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 2002 ኩባ ውስጥ በአሜሪካ ጦር ሰፈር የጓንታናሞ እስር ቤት ተከፈተ። በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኢራቅን፣ ኢራንንና ሰሜን ኮሪያን «የክፋት ዛቢያ» አሏቸው። እስረኞቹ «ጠላት ተዋጊ» ተባሉ። የጦር ምርኮኛም፣ ተከሳሽም ያልሆነ ሦስተኛ ዓይነት ሰው። አፍጋኒስታን ውስጥ ከተያዙት አንዱ ግን በሉዊዚያና የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ ተገኘ። ጋቪየስ በሌላ ልብስ። ጉዳዩ በእስረኛውና በመከላከያ ሚኒስትሩ ስም «ሃምዲ እና ራምስፌልድ» ተብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2004 ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የጦርነት ሁኔታ ለፕሬዚዳንቱ ባዶ ቼክ አይሰጥም ብለው ጻፉ። ሰውየው ጠላት ነህ መባሉን በገለልተኛ ወገን ፊት የመቃወም መብት አለው ተባለ። በወግ አጥባቂነታቸው የሚታወቁት ዳኛ ስካሊያ ከዚያም አልፈው ሄዱ። ዜጋ ከሆነ በክህደት ክሰሱት፣ ካልከሰሳችሁት ልቀቁት፤ ሌላ መንገድ የሚከፈተው የአሜሪካ ምክር ቤት እስሩን በፍርድ ቤት የመቃወም መብትን በሕግ ሲያግድ ብቻ ነው አሉ። ጋዩስ ግራኩስ ቢሰማ ይስማማ ነበር።

በመጋቢት 2025 ደግሞ የትራምፕ አስተዳደር በ1798 የወጣ ሕግ ከመዝገብ ቤት አወጣ። «የባዕድ ጠላቶች» ሕግ ይባላል። የወንበዴ ቡድን አባል ናችሁ የተባሉ ከመቶ በላይ ቬኔዝዌላውያን በዚያ ሕግ ወደ ኤል ሳልቫዶር እስር ቤት ተላኩ። እነዚህ ዜጎች አይደሉም። አስተዳደሩ የሲሴሮ ችግር አልነበረበትም ማለት ነው፣ ጠላት ለማለት ዜግነት መግፈፍ አላስፈለገም። ሆኖም በሚያዝያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱ የት ይቅረብ በሚለው ላይ ቢከፋፈልም፣ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ነገር ተስማሙ። ሰዎቹ ከመባረራቸው በፊት ሊነገራቸውና ለመከራከር በቂ ጊዜ ሊያገኙ ይገባል። በግንቦት ጉዳዩ ተመልሶ መጣ። መንግሥት ይሰጥ የነበረው ማስጠንቀቂያ 24 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ እንዴት መከራከር እንደሚቻልም አይገልጽም። ፍርድ ቤቱ ይህ አይበቃም አለ። ስንት ሰዓት ይበቃል የሚለውን ግን ለበታች ፍርድ ቤት መልሶ ላከው።